ዳንቴል የለበሰው አምፕሊፋየር

ዘርፈሽ ነጩን ክር በግራ ሌባ ጣቷ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ፣ ኪሮሿን በቀኝ እጇ ይዛ መስኮቱ ሥር ትሠራለች። ሦስት ትይዛለች፣ አንድ ትዘላለች፤ ሦስት ትይዛለች፣ አንድ ትዘላለች። የሚያዘው አበባ ይሆናል፣ የሚዘለለው ዓይን። ዳንቴል ያለ ዓይኑ ጨርቅ ነው እንጂ ዳንቴል አይደለም፤ ይህን እናቷ ናት ያስተማረቻት።

ሥራው የአልጋ ልብስ ነው። ልጇ ሳያት በደሌ ከተማ ነርስ ናት፤ ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን ትዳራለች። የአልጋ ልብሱ ስድሳ አራት አበባ ይፈልጋል፤ አርባ አንዱ አልቆ ታጥቦ፣ በሩዝ ውኃ ደርቆ፣ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የቀረው ሃያ ሦስት ነው። ቀኑ አልከበዳትም፤ የከበዳት ዓይኗ ነው። መነጽሯን አድርጋም ቢሆን አምፑል ሥር አበባውን ከዓይኑ መለየት ያቅታታል። መቱ ደግሞ ደመና የሚያድርባትም የሚውልባትም ከተማ ናት። በዘርፈሽ ቤት ውስጥ እውነተኛ ብርሃን የሚገባው በዚያ በአንዱ መስኮት ብቻ ነው፤ እሱም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት። ሟቹ ባሏ ገብረ ማርያም ቤቱን ሲያሠራ አናጢውን ሁለት ጊዜ አስፈርሶ ያስፋፋላት መስኮት ነው። «ለእጅሽ» ብሎ ነበር።

የውስጡ በር ተከፈተና ሸጋው ወጣ። ሸጋው የገብረ ማርያም ታላቅ ወንድም ነው። ፊቱን ሳይታጠብ፣ ጋቢውን አንገቱ ላይ እንደ ፎጣ ጠምጥሞ፣ በቀጥታ ወደ ቡፌው ሄደ። ከአንገቱ ከመስቀሉ ጋር ያንጠለጠላትን ትንሽ ቁልፍ አወጣ፤ የቡፌውን መስታወት ከፈተ፤ እጁን ከዳንቴሉ ሥር፣ ከዳንቴሉ ሥር ካለው ላስቲክ ሥር ሰደደና መዳፉን አምፕሊፋየሩ ራስ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ቆየ።

«ዛሬም ትኩሳት አለው» አለ።

«ገና ሳይከፍቱት ጋሼ?»

«የትናንቱ አልወጣለትማ!»

ዘርፈሽ ኪሮሿን አላቆመችም። ገብረ ማርያም በወባ አሥራ አንድ ቀን ሲነድ ይህ መዳፍ አንድ ቀን እንኳ ግንባሩ ላይ አላረፈም። ያን ጊዜ ሸጋው ጎሬ ነበር። ከጎሬ መቱ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ እሱ ግን «መንገዱ ጭቃ ነው» ብሎ ላከ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጭቃው ደረቀለትና ለቀብር መጣ።

በአፏ አንቱ ትለዋለች። በሆዷ ግን አንተ ካለችው ሰባት ዓመት ሆኗታል።

ለቀብር መጥቶ ለአርባው ቆየ። ለአርባው የቆየ ሰው ለሙት ዓመቱም እዚያው ነበረ፤ ለሰባተኛ ዓመቱም እዚያው አለ። «የወንድሜ ቤት የወንድ ድምፅ አይጥፋበት» ነበር ያለው፣ ሐዘንተኛው ሁሉ በተቀመጠበት፤ ሰውም እሰይ፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው ብሎ መረቀው። ጎሬ ያለውን የራሱን ቤት አከራየ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ፋይል ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሲያወራ ግን ፋይሎቹን የፈረመ ይመስላል። «እኔ ያን ጊዜ ባልፈቅድ ኖሮ» ይላል። ማንም ፍቀድ ብሎት አያውቅም።

የወንድ ድምፅ ያለው ምን እንደሆነ ለዘርፈሽ የገባት በአምስተኛው ዓመት ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ሆም ቴአትር ገዝቶ መጣ። አምስት ስፒከር፣ አንድ የጎጆ በር የሚያህል የቤዝ ሳጥን፣ አንድ አምፕሊፋየር። ሌላውን አውቶቡሱ ጣራ ላይ አስጭኖ አምፕሊፋየሩን እስከ መቱ ድረስ ጭኑ ላይ አቅፎት መጣ። መናኸሪያው ላይ ተሸካሚዎቹ ካርቶኑን ሲቀባበሉ፣

«ቀስ! ቀስ በሉ! ሰው መሰላችሁ እንዴ እንዲህ የምትወረውሩት?» ብሎ ጮኸ።

ሳሎኑ ርዝመቱ አምስት እርምጃ፣ ወርዱ አራት ነው። አራቱ ስፒከሮች አራቱን ማዕዘን ያዙ። ቤቱ አምስተኛ ማዕዘን ስለሌለው አምስተኛው ከገብረ ማርያም ፎቶግራፍ ሥር ተቸነከረ፤ ቤዙ ሲመታ ፎቶግራፉ ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው በሕይወቱ ከፍ ባለ ድምፅ ተናግሮ የማያውቅ ነበር፤ በሞተ በአምስት ዓመቱ ግድግዳ ላይ ይርበተበት ጀመር። ሸጋው ደግሞ የሚወደው ዘፈን እንኳ አይደለም፤ የሚያሰማው ሻጮቹ ለመሞከሪያ ብለው የሰጡትን የድምፅ ቅጂ ነው። አውሮፕላን ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ ጆሮ ያልፋል፤ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ባቡር ይመጣል። ባቡሩ በደጅ በር ገብቶ በጓዳ በር ይወጣል። መቱ ባቡር የለም፤ ሸጋውም ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም፤ ግን ባቡሩ ሲመጣ እግሩን ሰብስቦ ይቀመጣል።

አምፕሊፋየሩን ቡፌ ውስጥ ያስገባው በመጣ ዕለት ነው። የዘርፈሽን አሥራ ሁለት ብርጭቆ አውጥቶ በካርቶን አድርጎ አልጋ ሥር ወሸቀውና ቦታውን ለሱ ሰጠው። የመቱ እርጥበት እንዳይነካው ላስቲክ አለበሰው፤ እዚህ አገር አልጋ ሥር የተቀመጠ ጫማ በወሩ እንደሚሻግት ያውቃላ። ቀጥሎ፣ በከተማው ቤት ሁሉ ቴሌቪዥኑም ራዲዮኑም ፍሪጁም ዳንቴል እንደሚለብሰው፣ ለአምፕሊፋየሩም ልብስ አዘዘ።

«ጥቅጥቅ አድርጊው» አላት። «ዓይን አታብዢበት፤ አቧራ ያስገባል። ፊት ለፊቱ ላይ ደግሞ ‹ሸ› የሚል ፊደል አውጪበት። ቢሰረቅ እንኳ ያስታውቃል።»

ሌባ ዳንቴሉን ትቶ ዕቃውን ይወስዳል ብላ አልተናገረችም። አሥራ አንድ ቀን ሠራችው። በሕይወቷ እንዲያ ያለ አስቀያሚ ሥራ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ድፍን፣ ከባድ፣ እንደ ብርድ ልብስ ያለ፤ «ሸ»ዋም በርጩማ ትመስላለች።

እንግዲህ ይህ ዕቃ፣ ራሱ እሳት የሚተፋ ዕቃ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ ዳንቴል ደርቦ፣ መስታወት ተቆልፎበት ይዘፍናል። ሃያ ደቂቃ ያህል ይዘፍንና ቀይዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች፤ ከዚያ ጸጥ። ባቡሩ ሳሎኑ መሃል ላይ ይቆማል።

ሸጋው መጀመሪያ የመብራቱ ኃይል ነው አለ። ቀጥሎ የሰው ዓይን ነው አለ፤ ጎረቤቷ ሻሽቱ ገብታ «ዋቃዮ፣ አምላኬ፣ እንዴት ያምራል!» ያለች ዕለት ነው የታመመው ብሎ ሻሽቱ ስትመጣ ቡፌውን በጋቢው ይሸፍን ጀመር። ከዚያ ወደ ሕክምና ገባ። እርጥብ ፎጣ ራሱ ላይ አስቀመጠ፤ ፎጣው አንጠባጥቦ ቤቱ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ጎድጓዳ ሳህን በቀዝቃዛ ውኃ ሞልቶ አጠገቡ አኖረ፤ የቧንቧ ውኃ አይበቃም ብሎ ሶር ወንዝ ድረስ ወርዶ ከፏፏቴው ሥር በጀሪካን ቀድቶ መጣ። ሌላው ሰው ያን ዳገት ለጠበል ወይ ለሽርሽር ይወጣዋል። በመጨረሻ የዘርፈሽን ሰፌድ አንሥቶ በመስታወቱ ቀዳዳ ያራግብለት ጀመር። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ነገራ አንድ ቀን በዚያ ሁኔታ ደርሰውበት፣

«ሸጋው፣ ምን እያበጠርክ ነው?» አሉት።

«አየር እየሰጠሁት ነው።»

«እህ። እብቁ ይወጣለት ይሆናል።»

እና ያን ጠዋት፣ ሸጋው መዳፉን ከትኩሳታሙ ራስ ላይ አንሥቶ ዞር ሲል፣ ዓይኑ ዘርፈሽ ላይ ሳይሆን ከጀርባዋ መስኮቱ ላይ አረፈ። ዘርፈሽ ያን አስተያየት አወቀችው። ለቀብር የመጣ ጊዜ የገብረ ማርያምን አልጋ ያየውም እንደዚያ ነበር።

«እዚያጋ ነፋስ አለ አይደል?» አለ።

«ብርሃንም አለ ጋሼ።»

«ብርሃኑን ተይው። ነፋስ አለ።»

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ነገራን ጠርቶ ቡፌውን ገፍተው መስኮቱ ላይ ለጠፉት። የዘርፈሽ ወንበር ወደ በረንዳ ወጣ። የቡፌው ጀርባ ጣውላ መስኮቱን ከላይ እስከ ታች ደፈነው፤ ሸጋው ግን እጁን በጎን አሾልኮ መስኮቱን ከፈተና፣ «አሁን ይተነፍሳል» አለ። ነፋሱ የደረሰው ለጣውላው ነው። ለጣውላውም ለዝናሙም። ሳሎኑ በቀን ጨለማ ሆነ፤ ሸጋው ደግሞ አምፑል አብርቶ፣ ክፍሉ ሲኒማ ቤት መሰለ ብሎ ደስ አለው።

በረንዳው ሁለት ክንድ ነው። ዝናም ሲመጣ ወጨፎው እስከ ግድግዳው ይደርሳል። ዘርፈሽ ክሩን በፌስታል አድርጋ፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰብስባ፣ ጣቷ በብርድ እየደነዘዘ ሞከረች። በሦስት ሳምንት አራት አበባ ብቻ ሠራች፤ መስኮቷ ሥር በአራት ቀን የምትሠራውን። አንዱ ላይ ጭቃ ፈንጥቆበት ሁለቴ ታጥቦ ግራጫ ሆኖ ቀረ።

ሻሽቱ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አየቻት።

«ማሎ፣ ምነው ዘርፌ! ከቤትሽ ማን አስወጣሽ?»

«በሽተኛ ገብቶበት።»

«ማን ታመመ?»

«አምፕሊፋየሩ።»

ሻሽቱ የአጥሩን እንጨት ይዛ ሳቀች። «እኔ ላሜ ለመውለድ ስታምጥ እንኳ ከአልጋዬ አልወረድኩላትም! ለምን አትነግሪውም?»

«ምን ልበለው?»

«ልብሱን አውልቅለት በይዋ! ሰው ሲያልበው ምን ያደርጋል? ያወልቃል።»

ዘርፈሽ ሰው ፊት መናገር የማይሆንላት ሴት ናት። ቢሆንም የፋሲካ ማግስት ጋሽ ነገራ ለእንኳን አደረሳችሁ መጥተው ሲቀመጡ፣ ሰው ባለበት አይቆጣም ብላ ደፈረች።

«ጋሼ፣ ልብሱን ብናወልቅለት ይተነፍስ ይሆን?»

ሸጋው ጠላውን አስቀመጠና ወደ ጋሽ ነገራ ዞሮ፣ «ሰሙ? ኢንጂነር ዘርፈሽ!» አለ። «ስሚ፣ አንቺ ኪሮሽሽን ያዢ። ራቁቱን አስቀምጬ እንግዳ ምን ይለኛል? ባለቤት የሌለው ዕቃ! ይሄ ሺህ ዋት ነው፣ የሻሽቱ ላም መሰለሽ?»

ጋሽ ነገራ ሳቁ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ ግን ሳቁ። ዘርፈሽ የጠላውን ጣሳ አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሞልቶ የነበረውን ጣሳ ልትሞላ።

ሸጋው የዳግማይ ትንሣኤ እሁድ የዕድሩን ሰዎች ጠርቷል። ባቡሩን ሊያሰማቸው ነው። እስከዚያ ድረስ አምፕሊፋየሩ እንዲሻለው ስለፈለገ ሐሙስ ጠዋት ዘርፈሽን ጠራት።

«ረድዋን ጋ ሂጂና መድኃኒቱን ጠይቂልኝ። የኔ ነው አትበይ። አንድ ዘመዴ ጎሬ እንዲህ ያለ ዕቃ አለው በይ።»

ረድዋን መናኸሪያው አጠገብ ቴፕና ቴሌቪዥን የሚጠግን፣ ከወራቤ የመጣ፣ አርባውን ያለፈ ዝምተኛ ሰው ነው። ሸጋው ራሱ ያልሄደው ባለፈው ዓመት ሄዶ ስለነበር ነው። ረድዋን ያን ጊዜ ሰው በተሰበሰበበት፣ «አባቴ፣ ዕቃው አልታመመም፤ እርስዎ ነዎት ያፈኑት» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ ሸጋው በስሙ የሚጠራው ሲፈልገው ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ «ያ ሽቦ ነካሽ» ነው።

ዘርፈሽ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ የክር ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ይዛ ወረደች። የረድዋን ሱቅ ሆዳቸው በተከፈተ ዕቃዎች የተሞላ ነው። ገና «አንድ ዘመዴ ጎሬ» ብላ ስትጀምር ረድዋን የብየዳ ብረቱን አስቀመጠና፣

«ጋሽ ሸጋው ደህና ናቸው?» አላት።

ዘርፈሽ ወደ መሬት አየች። «ደህና ናቸው።»

«አሁንም ለብሷል?»

«ለብሷል።»

«ይቀመጡ እትዬ፤ ላሳይዎት።» አንድ ዕቃ አነሣ። «ይሄ ከሁሩሙ የመጣ ነው። ላዩ ላይ ቆርቆሮ ሙሉ ማር አስቀምጠውበት ዘፈን ይሰማሉ። ማሩ ቀለጠ፣ ወረደ። ከዕቃው ውስጥ ንብ ነው ያወጣሁት።» ሌላ አነሣ። «ይሄ የበረሮ ሆቴል ሆኖ ነበር። ሙቀት ይወዳሉ። ይሄኛው ደግሞ፣ ባለቤቱ እንዳይበርደው ብሎ ሌሊት ብርድ ልብስ ያለብሰው ነበር። እኔ እኮ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ልብስ ሲያዩ ክብር ይመስላቸዋል።» በእግሩ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ጎተተ። «ይሄው። የሞቱት ሁሉ በዳንቴል ተገንዘው ነው የሚመጡልኝ። ባለቤቶቹ አይወስዱትም፤ እኔም መጣል ከበደኝ። የሰው ድካም ነው።»

ካርቶኑ በዳንቴል ሞልቷል። ነጭ፣ ክሬም፣ ጠርዙ የተጠበሰ። ዘርፈሽ ጎንበስ ስትል ከላይ ካሉት ሁለቱን አወቀቻቸው። አንዱ ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ የቡና ነጋዴ ሚስት የሠራችው ነው፤ ጥጉ ላይ አንድ ጥልፍ ተሳስታ አስተካክላው ነበር፤ ስህተቷ ሳይቀር እዚያው አለ። ረድዋን የማን እጅ እንደሆነ አላወቀም። እሷም የክር ቦርሳዋን አጥብቃ ብብቷ ሥር ያዘች። ወደ ሸጋው ብቻ ስትልከው የኖረችው ንቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ራሷ ተመልሶ መጣና ጉንጯን አጋላት። ነጋዴዋም ጥቅጥቅ አድርጊው ብላት ነበር። እሷም እሺ ብላ አድርጋው ነበር።

«እንግዲህ እንዲህ ይበሉልኝ» አለ ረድዋን። «ላስቲኩንም ዳንቴሉንም ያውልቁ። ከቡፌው ያውጡት፤ ክፍት ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ ከራሱ በላይ አራት ጣት፣ ከኋላው አንድ መዳፍ ባዶ ይተዉለት። መስኮት ላይ እንዳያስጠጉት፤ ወጨፎ ይገባበታል። ውኃም ፎጣም በዞረበት አይዙር።» ከመሳቢያው አንዲት ትንሽ ፋን አወጣና በአሮጌ ጋዜጣ ጠቀለላት። «ከተበላሸ ኮምፒዩተር የወጣች ናት። ጀርባው ላይ ትቀመጥና ሙቀቱን ታውጣለት። አደራዎን፣ ይህን ሳይነግሯቸው ዕቃውን እንዳይከፍቱት። ደጋግሞ እየጋለ ጠፍቷል፤ አሁን ከተቃጠለ ውስጡ ያለው ዕቃ መቱም ጅማም አይገኝም።»

ዘርፈሽ ዳገቱን ስትወጣ ቃሉን እንደ ጥልፍ ትቆጥረው ነበር። ላስቲክ፣ ዳንቴል፣ ቡፌ፣ አራት ጣት፣ መዳፍ፣ መስኮት። መስኮት የሚለው ጋ ስትደርስ እግሯ ይፈጥናል። ከመስኮቱ ይራቅ ብሏል! አንድ ሺህ ዋት የሚያውቅ ወንድ ነው ያለው፤ ሸጋው ቢጠላውም ለአምፕሊፋየሩ ሲል ይሰማዋል። ቡፌው ይመለሳል፤ ወንበሯ ይገባል፤ አሥራ ዘጠኙ አበባ እስከ ግንቦት ይደርሳል።

ደጁን ስትገፋ ሸጋው ሳሎኑ መሃል ቆሞ ነበር። እጁ ላይ አንድ ነጭ ነገር አለ።

«ጋሼ፣ ረድዋን እንዲህ ብሏል…»

«ቆይ፣ እሱን ተይው፤ እኔ አግኝቼዋለሁ። አየር ነው የጎደለው። የቡፌውን ጣውላ በመጋዝ ቆርጬ ጀርባውን ከፈትኩለት፤ አሁን ግን በመስኮቱ ወጨፎ ስለሚመታው ጀርባው ልብስ ይፈልጋል።» እጁን ዘረጋ። የአልጋ ልብሱ አበቦች ነበሩ፤ ከነጠላው ፈትቷቸዋል። «ስድስቱ ልክ ናቸው። ለክቼዋለሁ። በመርፌ ያዣቸው።»

«የሳያት ናቸው ጋሼ።»

«ሳያት አልጋ ላይ ስትተኛ ዳንቴል ታያለች? እንግዳዬ እሁድ ነው የሚመጣው። ሌላ ትሠሪያለሽ። ስትሠሪ አይደል የምትውዪው?»

ስድስት አበባ። እያንዳንዱ አንድ ቀን፣ ያውም የመስኮት ቀን። ዘርፈሽ የረድዋንን ፋን ከነጋዜጣዋ ቦርሳዋ ውስጥ ከክሩ ሥር ሰደደቻት። መርፌ አመጣች። ስድስቱን አበባ እርስ በርስ አያያዘቻቸውና ሰጠችው። እሱም የአምፕሊፋየሩን ጀርባ፣ ያን ብቸኛ መተንፈሻውን፣ ሸፈነበት። ኋላ፣ ራቱን ሲበላ፣ «ያ ሽቦ ነካሽ ምን አለሽ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል ብላ ጠበቀች። ስለ ባቡሩ አወራ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ነገር ሆነ። ከበረንዳው ስትገባ ሸጋው ብቻውን ቡፌው ፊት ተንበርክኮ በሰፌዱ ያራግብ ነበር። ማንም አያየውም። ጋቢው ወድቋል፤ ጀርባው ጎብጧል፤ የቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ብሏል። ገብረ ማርያም ከሰል ሲያቀጣጥልላት ልክ እንዲህ ነበር የሚጎብጠው። ዘርፈሽ ቆመች። አሁን እነግረዋለሁ አለች፤ ሽማግሌ ነው፣ ሌላ የሚወደው ነገር የለውም።

«ጋሼ…»

ሳይዞር፣ «ይሄ ሰፌድሽ ላልቷል» አለ። «ነፋስ አይዝም። ዕቃ እንኳ በሥርዓት አትይዢም።»

ዘርፈሽ የወደቀውን ጋቢ አንሥታ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወደ በረንዳዋ ተመለሰች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዘጠኝ ሰዎች መጡ። በአምፑል ብርሃን ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ውጭ ከሰማዩ አንድ ጥግ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ መስኮቱ ጨለማ ነው። ሸጋው ስለ ዋት ንግግር አደረገ። ከዚያ አውሮፕላኑ አለፈ፤ ብርጭቆው ተሰበረ፤ ዘርፈሽ እያንዳንዱን ስባሪ ከአሥራ ሁለቱ ብርጭቆዎቿ እየቆጠረች አዳመጠች። ባቡሩ መጣ። የገብረ ማርያም ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሸጋው እግሩን ሰበሰበ።

«አሁን በጓዳ ይወጣል፤ ስሙ!» አለ።

ባቡሩ በጓዳ አልወጣም። ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማና ጸጥ አለ። ከ«ሸ» ፊደል ዙሪያ፣ ዘርፈሽ ሳትወድ ከተወቻቸው ጥቂት ዓይኖች፣ ክር የመሰለ ጭስ ወጣ።

«ደረሰ መሰለኝ» አሉ ጋሽ ነገራ። «ጭሱ የባቡር ነው።»

ዘጠኙም ሳቁ። ሸጋው አልሳቀም። ቁልፉን ከአንገቱ ሲያወጣ ከመስቀሉ ክር ጋር ተጠላለፈበት፤ ዘርፈሽ ሶኬቱን ነቀለችና ክሩን ፈታችለት። ላስቲኩ ቀልጦ አምፕሊፋየሩ ላይ እንደ ሰም ተጣብቋል። ከስድስቱ አበባ አራቱ ቢጫ ሆነዋል። እንግዶቹ አንድ ባንድ፣ «እግዜር ይማርልህ» እያሉ ወጡ፤ ለሰው እንደሚባለው።

ሰኞ ጠዋት ሸጋው ዕቃውን ወደ አዲስ አበባ ሊወስድ ተነሣ። የሸጡልኝ ያድኑልኛል አለ። እሱ ጓዳ ልብሱን ሲያዘጋጅ ሻሽቱ መጣችና ከዘርፈሽ ጋር ቡፌውን ገፉት፤ ባዶ ስለሆነ አልከበደም። ብርሃኑ እንደ ድሮው ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ዘርፈሽ ወንበሯን ከበረንዳ አስገባች፤ ተቀመጠች፤ ክሩን ሁለት ዙር ጠመጠመች። ከክሩ ሥር፣ ቦርሳው ውስጥ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለችው ፋን ጣቷን ነካቻት።

ሸጋው ከጓዳ ወጣ። አምፕሊፋየሩን ታቅፎታል። ያን የተጠበሰ ባለ «ሸ» ዳንቴል መልሶ አልብሶታል፤ መንገድ ላይ ብርድ እንዳይመታው ይሆናል። ቡፌው መነሣቱን አላስተዋለም። ከደጅ ሚኒባሱ ጥሩንባ ነፋ። በሩ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ትዝ ያለው መሰለና ዞረ።

«ዘርፌ፣ ያ ረድዋን ግን ምን ነበር ያለሽ?»

በስሙ ጠራው። ለመጀመሪያ ጊዜ እየጠየቃት ነበር፤ ፊቱም የሚሰማ ሰው ፊት ነበር። ዘርፈሽ ከኪሮሿ ቀና አላለችም።

«ቆጠራ ላይ ነኝ ጋሼ። እንዳይጠፋብኝ፤ ስጨርስ እነግርዎታለሁ።»

«ኤዲያ! የሷ ደግሞ ቆጠራ!» አለ ሸጋው፤ ጥሩንባው ሁለተኛ ጮኸ፤ ሄደ።

ሦስት ያዘች፣ አንድ ዘለለች። ሦስት ያዘች፣ አንድ ዘለለች። ሰባ ሁለት ላይ ዙሩ ገጠመ። ቀና ብላ በመስኮቱ ብታይ መንገዱ ላይ የቀረው የጎማ ዱካና ዱካው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ብቻ ነበር። ቦርሳውን ከፈተችና ፋኗን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ አዲስ ክር አወጣች።